ቁጥር የሌላት ሽቦ

ኢንጋ ቁልፍ የላትም። ኖሯትም አያውቅም። ለጦር ሠራዊት መኪና የሚሠሩ ሰዎች ቁልፍ አያበጁለትም፤ ጥይት እየተተኮሰበት ኪሱን የሚዳብስ ወታደር ማን ይፈልጋል? ከመሪው በስተግራ አንዲት አጭር እጀታ አለች፤ እሷን መገልበጥ ነው። ወዲያው ጥርስ የሚያሳክክ ጩኸት ይጀምራል፤ የፍሬኑ አየር ገና አልሞላም ለማለት ነው። ከዚያ የጎማ ቆብ ያጠለቀውን መጫኛ በአውራ ጣት ጫን ሲያደርጉት ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ ይነሳል። ሌላ ጣጣ የለውም።

ኢንጋ የሶልቪክ በጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊዎች መኪና ናት። ሠራዊቱ ተጠቅሞ የጣላት ባለ አሥር ጎማ ናት፤ እኛ ደግሞ ጀርባዋ ላይ የውሃ ታንከር ጭነን ቀይ ቀባናት። ቀዩ በተላጠበት ሁሉ አረንጓዴው ብቅ ይላል። አዲስ ሰው ወደ እኛ በገባ ቁጥር ኦርቪል ስቴንሩድ ከእሷ ሥር ፊቱን ኮስተር አድርጎ ይወጣና፣ «ቁልፏን ቤት ረስቼው መጣሁ፤ እስቲ ሮጥ ብለህ ከላቮን ተቀበልልኝ» ይለዋል። ላቮን ሚስቱ ናት። ምስኪኑ ሰውዬ ሦስት መንገድ አቋርጦ ይሮጣል። ላቮን መሳቢያውን ሁሉ ትበረብራለች፣ ካፖርት ኪስ ትገባለች፣ አልጋ ሥር ታያለች። በመጨረሻ አንድ ትሪ ሙሉ የሩባርብ ኬክ ታስይዘዋለች። «ቁልፉን አጣሁት በለው። እስኪገኝ ድረስ ይህን ቅመሱ።» ሲመለስ አሥራ አንድ ሰው ቡናውን ይዞ ይጠብቀዋል።

ኦርቪል ራሱ በሃያ ዓመቱ ጀርመን አገር ወታደር ሳለ ተልኳል። የመቶ አለቃው ቁልፍ አምጣ ብሎት በበረዶ ሦስት ሰፈር ዞሮ፣ በመጨረሻ አንድ ኮሎኔል ቢሮ ገብቶ ጠየቀ። ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እግዜር ይወቀው። እኔንም ልኮኛል፤ በሠላሳ ሁለት ዓመቴ፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምነዳ ትልቅ ሴት፣ ሮጥኩለት። ቂሜን እስከ ዛሬ አልተውኩም፤ ኬኩ ግን ጥሩ ነበር።

ኦርቪል ከሠራዊት ሲመለስ ከቤቱ ጀርባ ትራክተር የሚጠግንበት ጋራዥ ከፈተ፤ ሃያ ስድስት ዓመት ደግሞ የእሳት አጥፊዎቹ አለቃ ሆኖ ሠራ። አለቅነቱን ለዳረል ካስረከበ በኋላም አለቃ ብለን የምንጠራው እሱን ነው፤ ዳረልን ዳረል ነው የምንለው። እኛ ዘንድ አንቱታ የሚሰጠው ለፓስተሩ ብቻ ነው፣ ለእሱም በእሁድ ቀን። ስለዚህ አለቃ ማለት ከእኛ አፍ ትልቅ ነገር ነው።

ኢንጋን ያመጣት እሱ ነው። ክፍለ ሀገሩ የሠራዊቱን ጥራጊ እንደኛ ላሉ መንደሮች ያድላል፤ ኦርቪል በአውቶቡስ ሄዶ ተረከባትና የሰሜን ዳኮታን ሜዳ ለሁለት ቀን እየነዳ ገባ። ከጩኸቷ የተነሳ ሳምንት ሙሉ ጆሮው አልሰማም። ላቮን፣ «በትዳሬ ያረፍኩት ያንን ሳምንት ነው፤ ያሻኝን ስናገር ሰነበትኩ» ትላለች። ስሟን ያወጣላት በአክስቱ ነው። እስክትነሳ ነው እንጂ አንዴ ከተነሳች የሚያቆማት ያልነበረ አክስት ነበረችው።

የሠራዊት መኪና ላይ እያንዳንዱ ሽቦ ጫፉ ላይ ጥፍር የምታህል ታርጋ አለችው፤ ቁጥር ተመትቶባታል። ለምሳሌ አሥራ አራት ቁጥር ከመጫኛው ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው ነው። ቁጥሩን ያወቀ ሰው በጨለማም በጭቃም ሊጠግን ይችላል። ኦርቪል ከወታደርነት ይዞት የመጣው ትልቁ ነገር ይኸው ነው። በትምባሆ ቆርቆሮ ውስጥ ከአሮጌ ናስ የቆረጣቸውን ባዶ ታርጋዎች ይይዛል፤ ፊደልና ቁጥር የሚመታባቸው ትንንሽ ብረቶች አሉት፤ እጁ ያረፈበትን ሽቦ ሁሉ ቁጥር ይሰጠዋል። የላቮንን ልብስ ማጠቢያ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ኦርጋን፣ የካፌውን ዳቦ መጥበሻ። እኔ ቤት የበር ደወሉ ሽቦ ላይ «3» የሚል አለ። 1 እና 2 የት እንዳሉ እስካሁን አላገኘሁም።

መጀመሪያ ሥራ ሲያስተምረኝ የኢንጋን የኋላ መብራት ሽቦ ቀየርኩና ኮራሁ። መብራቱ በራ። ኦርቪል ጎንበስ ብሎ አየ፣ ነቅሎ እጄ ላይ አስቀመጠው።

«ምን ሆነ? በርቷል እኮ።»

«ቁጥሩ የታለ?»

«አንተ ሰውዬ፣ አንድ ክንድ የማይሞላ ሽቦ ነው።»

«ስሚ ማርሊስ። ቁጥር የሌላት ሽቦ ወላጅ የሌላት ልጅ ናት። ከእኔና ካንቺ በኋላ የሚመጣው ሰው ከየት እንደመጣች፣ የማን እንደሆነች አያውቅም። ስለማያውቃት ቆርጦ ይጥላታል።»

ተናድጄ ካቻቪቴውን ወረወርኩት። ሄዶ አነሳው፣ በጨርቅ ጠረገው፣ መልሶ ሰጠኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ቁጥር ሳልመታ የቀጠልኩት ሽቦ ሁለት ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ከኦርቪል ለመደበቅ ስል ነው ያደረግሁት።

መርሳት የጀመረው በሰው ስም ነው። ያ ምንም አይደለም፤ እኔም እረሳለሁ። ከዚያ ግን ለቤተ ክርስቲያኑ የዓሣ እራት ትኬቱን ሰጥቶ በልቶ ከወጣ በኋላ ተመልሶ ተሰለፈ። ሴቶቹ ምንም ሳይሉ ሳህኑን ሞሉለት። በዚያ ክረምት ሶልቪክ ውስጥ አንድ ልማድ ተጀመረ፤ ማንም አልመከረበትም፣ ማንም አላወጀውም። ሰው ሁሉ ኦርቪልን ሲያገኝ ስሙን አስቀድሞ ይናገር ጀመር። «ደህና አደርክ ኦርቪል፣ ዳረል ነኝ፤ ብርዱ እንዴት ነው?» አምሳ ዓመት የሚያውቀው የእህል ጎተራው ሰውዬ ሳይቀር፣ «ጎርደን ነኝ» ይላል። ስለዚህ ሰዎች ብዙ የምማረርበት ነገር አለኝ፤ ስለዚያ ግን አፌን ሞልቼ አመሰግናቸዋለሁ።

ሱፉ ደርቆ ለአጨዳ በደረሰበት ሰሞን፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ አሥራ ዘጠኝ ልጆች ጭኜ ወደ ትምህርት ቤት እየነዳሁ ነበር። የጠጠሩ መንገድ አስፋልቱን በሚያቋርጥበት ቦታ «ቁም» የሚል ምልክት አለ። ኢንጋ አልቆመችም። ፍሬኑ ላይ በሁለት እግሬ ቆምኩ። ቀይ ጎኗ መስታወቴን ሞልቶ አለፈ፤ ከታንከሩ የተረጨው ውሃ የአውቶቡሱን አፍንጫ አጠበው። ኦርቪልን በመስኮቷ አየሁት። የእሳት ቆቡን አጥልቆ ፊት ለፊቱን ብቻ ያይ ነበር፤ እኔን አላየኝም። ከኋላዬ አንዲት ልጅ አለቀሰች፤ የቀሩት ግን ጭጭ አሉ፣ እሱ ነው የባሰብኝ።

ልጆቹን አድርሼ ከዳረል ጋር ፍለጋ ወጣን። ሰባት ማይል ርቆ፣ ባከ የሚባል ገበሬ ማሳ ዳር አገኘነው። ቱቦውን ዘርግቶ የታጨደ ሜዳ ያጠጣል። የባከ ማሳ የተቃጠለው ከሠላሳ ዓመት በፊት ነው፤ ባከ ራሱ ከሞተ ቆይቷል።

«የቀሩት የት ደረሱ?» አለን ኦርቪል። «ሰውዬው ቤቱ ሊቃጠልበት ነው።»

ዳረል ቦርጩን ይዞ ቀስ ብሎ ቀረበው። እኔ ዳረልን ብዙ ጊዜ አልወደውም፤ ወረቀት አንባቢ ነው፣ እያንዳንዱን ነገር ከደንብ መጽሐፍ ካላገኘው አያምንም። ያን ቀን ግን፣ «ጠፍቷል አለቃ፤ አንተ ቀድመህ ደርሰህ አጠፋኸው» አለው። ኦርቪል ዙሪያውን አየ፣ ጭስ አልነበረም። ደስ ብሎት ቱቦውን ጠቀለለ። ስለ አውቶቡሱ ማንም አልነገረውም።

ሐሙስ ዕለት እሱ በሌለበት ተሰበሰብን። ዳረል ወረቀቱን ገልጦ፣ «የማስነሻ ቁልፍ እንግጠምላት» አለ።

«ቁልፉ ማን ጋ ይሆናል?» አልኩ። «አንተ ጋ? እሳት ሲነሳ አንተ ሐይቅ ላይ ዓሣ እየጠበቅህ?»

«ግድግዳ ላይ ይሰቀላል።»

«ኦርቪል ግድግዳ ማየት ተከልክሏል እንዴ?»

«እሺ አዳራሹን እንቆልፈው።»

እሱም አይሆንም። የእሳት አጥፊው አዳራሽ ተቆልፎ አያውቅም፤ ቀድሞ የደረሰ ይነዳል፣ ደንባችን እሱ ነው። መሬታችን በነፋስ የሚነድ ሣር ነው፤ አምስት ደቂቃ አንድ እርሻ ሊበላ ይችላል። ኢንጋ ለማንኛችንም ወዲያው መነሳት አለባት፣ ለአንድ ሰው ግን መነሳት የለባትም። ለእሱ የሚነግረውስ ማን ነው ሲባል ሁሉም የስኒውን ቂጥ ማየት ጀመረ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ አገር ሁሉ የሚያወራውን ኦርቪል ብቻ አልሰማም።

«ድብቅ ማጥፊያ እገጥማለሁ» አልኩ። «አሥራ አራት ቁጥርን ቆርጬ መሃሏ ላይ ትንሽ ማጥፊያ አስገባለሁ። እጀታዋ ትገለበጣለች፣ ጩኸቱ ይሰማል፣ ሞተሪኖው ግን አይዞርም። የት እንዳለ አሥራ አንዳችን ብቻ እናውቃለን።»

እሁድ እሱ ቤተ ክርስቲያን ሳለ ሠራሁት። እኔ ከቅዳሴ መቅረቴ በራሱ የሳምንት ወሬ ሆነ። ማጥፊያዋን ከዳሽቦርዱ ሥር ቀበርኳት፤ በሁለት በኩል አንዳንድ ስንዝር ሽቦ ቀጠልኩ። ታርጋ አላደረግሁም። ኦርቪል አዲስ ታርጋ ካየ ያነባል፣ ካነበበ ያገኘዋል። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት እንደ ልማዱ ኢንጋን ሊያያት ገባ። በየጠዋቱ ያስነሳታል፣ አምስት ደቂቃ ያሞቃታል፣ ያጠፋታል። እጀታዋን ገለበጠ፣ ጮኸች፣ መጫኛውን ተጫነ፣ ዝም። ደወለልኝ።

«ማርሊስ፣ ባትሪ አልቋል። ነይ መለኪያውን ያዢልኝ።»

ሄጄ ያዝኩለት። ምን ላድርግ? ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል፤ እኔ ሽቦውን ቆርጬ እኔው አብሬው ብልሽት ፈለግሁ። ድሮ ቢሆን በአምስት ደቂቃ ያገኘው ነበር። አሁን ግን ከባትሪው ይጀምራል፣ ግማሽ መንገድ ላይ ምን እንደሞከረ ይረሳል፣ እንደገና ከባትሪው ይጀምራል። ማክሰኞም እንዲሁ። ረቡዕ ሁለቱን ባትሪዎች ብቻውን አወረዳቸው፤ አንዱ ሠላሳ ኪሎ ያልፋል፣ እሱ ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

ሐሙስ ማለዳ ላቮን አውቶቡሱ ድረስ መጣች። ሹራቧን ገልብጣ ለብሳለች።

«ማርሊስ፣ ያ የሽቦ ነገርሽ ይቅርብኝ። አይተኛም፣ አይበላም። ተቀምጦ፣ ከተማው መኪና የለውም፣ የሰበርኳት እኔ ነኝ ይላል።»

«ምን ሰበረ?»

«አንድ ነገር አድርጌ ረስቼው ይሆናል ይላል። ምን እንዳደረግሁ ንገሪኝ እያለ ሌሊቱን እኔን ይጠይቀኛል።»

ልጆቹን አድርሼ ቀጥታ ወደ አዳራሹ ሄድኩ። ኦርቪል ሲሚንቶው ላይ ተንበርክኮ የባትሪ ጫፍ በሽቦ ብሩሽ ይፈትጋል። ናሱ እንደ አዲስ ያበራል፤ በዚያ ሳምንት አራተኛ ጊዜ መፈተጉ ነው። አጠገቡ ቆሜ፣ ያለኝን ድፍረት ሁሉ ጨርሼ ተናገርኩ።

«አለቃ፣ ባትሪው ደህና ነው። አንተ ምንም አልሰበርክም። የቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

ብሩሹን አቆመ። «የቱን?»

«አሥራ አራትን።»

«ከመጫኛው በፊት ነው በኋላ?»

«በኋላ።»

«ጥሩ ነው። እኔም ብሆን በኋላ ነበር የምቆርጠው።» ተነስቶ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። «ለምን?»

ነገርኩት። የባከን ማሳ፣ የውሃውን፣ የቁም ምልክቱን። የማስታወስ ምልክት ፊቱ ላይ ፈለግሁ፣ የለም። እንግዳ ሰው ያደረገውን እንደሚሰማ ሰው ነው የሰማኝ። ስለ አውቶቡሱ ስደርስ እጁን አነሳ።

«ስንት ልጆች ነበሩ?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

ብሩሹን መሬት ላይ አስቀመጠ። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ ቢቆጣ እንዴት ደስ ባለኝ።

«አሁን ገባኝ» አለ በመጨረሻ። «ግን አሁን ስለነገርሽኝ አበላሸሽው። መጥፎ ቀኔ ላይ እረሳዋለሁ እንበል። ጥሩ ቀኔ ላይ ግን አውቃለሁ፤ ጥሩ ቀኔ በመሃል መጥፎ ቢሆንስ? አንሺውና ሌላ ቦታ ደብቂው። የት እንደሆነ አትንገሪኝ።»

«አለቃ...»

«ሳይቃጠል በቅጠል ነው ማርሊስ። ስሠራ የኖርኩት ይህንኑ አይደል? በይ ፒንሳሽን አምጪ፣ እኔ እወጣለሁ።» በሩ ጋ ሲደርስ ዞረ። «አንድ ነገር ግን። ዳሽቦርዱ ላይ ወረቀት ለጥፊልኝ፤ ባትሪ ማውረድ ሰልችቶኛል።»

«ምን ብዬ ልጻፍ? አለቃ፣ ባትሪው ደህና ነው ልበል?»

«ኦርቪል በዪ እንጂ አለቃ አትበዪ። አለቃ ማን እንደሆነ የማላውቅበት ቀን ሊመጣ ይችላል።» አሰበ። «ምንም እንዳልሰበርኩም ጻፊልኝ።»

ወጥቶ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ቆመ፤ ኮፍያውን ዐይኑ ላይ ደፍቶ መዝሙር ያንጎራጉራል። እኔ በእንባ የፒንሳው አፍ አልታይ እያለኝ ማጥፊያዋን ነቀልኩና በሾፌሩ ወንበር ሥር፣ ከመሣሪያ ሣጥኑ ጀርባ ሰወርኳት። ይህኛው ቦታ ሩቅ ስለሆነ ክንድ ተኩል አዲስ ሽቦ ፈጀ። ለዚችም ቁጥር አልሰጠኋትም። ከዚያ በትልቁ ጽፌ ለጠፍኩ፤ «ኦርቪል፣ ባትሪው ደህና ነው። ምንም አልሰበርክም። ወደ ቤት ሂድ፣ ላቮን ቁርስ አቅርባለች። ማርሊስ።»

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ኖረ። በየጠዋቱ ይመጣል፣ እጀታዋን ይገለብጣል፣ ኢንጋ ትጮኻለች፣ ወረቀቱን ያነባል፣ እጀታዋን ይመልሳል፣ ቤቱ ይሄዳል። ሰው ሰዓቱን በጩኸቱ ይሞላ ጀመር። እሳት ሲነሳ ደግሞ እኔ ስደርስ እሱ ከሾፌሩ ጎን ባለው ወንበር ላይ ቆቡን አጥልቆ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። እኔ ልገባ ስል ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል። ነፋሱን የሚያይ ይመስለኝ ነበር፤ እሳት አጥፊ ሁልጊዜ ነፋስ ያያል። እጄን ወንበሩ ሥር ሰድጄ ማጥፊያዋን ከፍ አደርግና መጫኛውን እጫናለሁ። ሞተሩ ሲነሳ እሱ ወደ ፊት ይዞርና፣ «አየሽ፣ ባትሪው ደህና ነው» ይላል። ማሳው ዳር ስንደርስ የማንን ስም ባያውቅም እሳቱ በየት ዞሮ እንደሚመጣ ያውቅ ነበር። የኤሪክሰንን ጎተራ ያዳነው እሱ ነው፤ ከወንበሩ ሳይወርድ፣ በጣቱ ብቻ እያመለከተ።

በመጀመሪያው የገና ሰሞን እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ስኒ በሁለት እጁ ይይዝ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ወረቀቱን ማንበብ እየከበደው ሲሄድ ላቮን አብራው እየመጣች ታነብለት ጀመር። «ማርሊስ ማን ናት?» ብሎ ይጠይቃታል። «ቁልፍ ፍለጋ የመጣችው ናት» ስትለው ይስቃል። ያንን አልረሳውም ነበር።

የሞተው በየካቲት፣ በእንቅልፉ ነው። ወደ መቃብር ያደረስነው በኢንጋ ነው፤ እኔ ነዳሁ፤ ዳረል ከጎኔ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ፣ እኔም እንደዚያው።

በረዶው ቀልጦ ኢንጋን ለወቅቱ ሳዘጋጅ አይጥ በሾፌሩ ወንበር ሥር ክረምቱን ከርማ አገኘኋት። ገለባ፣ የሱፍ ቅርፊት፣ የተቦጫጨቀ ጨርቅ። ወንበሩን ፈትቼ አውጥቼ ማጽዳት ያዝኩ። ሽቦዬን በልታት እንደሁ ብዬ ከመሣሪያ ሣጥኑ ጀርባ በእጅ ባትሪ አበራሁ። አልበላቻትም። ጫፏ ላይ ግን አንዲት ነገር ብልጭ አለች።

የናስ ታርጋ ነበረች። እንደ ደንቡ በሁለት ዙር ቀጭን ሽቦ ታስራለች። 14 ይላል፤ ከጎኑ አንድ ፊደል ተመትቷል፣ የስሜ የመጀመሪያ ፊደል።

ሲሚንቶው ላይ ተቀምጬ ደጋግሜ አየኋት። ቁጥሮቹ ቀጥ ብለዋል፤ አንዱ እንኳ አልተንጋደደም። የሚንቀጠቀጥ እጅ እንዲያ አይመታም። እንግዲያው የመታት ከመጀመሪያው ገና በፊት ነው፤ እኔ ከደበቅሁ በኋላ በሳምንታት ውስጥ። በአንድ ጥሩ ቀኑ ፈልጎ አግኝቷታል። ማጥፊያዋን በእጁ ይዟታል። ቁጥር የሌላት ሽቦ ሆና መቅረቷን አልወደደም፤ ወላጅ ሰጣትና መልሶ በቦታዋ ሰወራት። ከዚያም በየጠዋቱ መጥቶ እጀታዋን ገለበጠ፣ ወረቀቱን አነበበ፣ ቤቱ ሄደ። ነፋስም አያይ ነበር ለካ። መስኮቱን የሚያየው እጄ የት እንደሚገባ ላለማየት ነው፤ የረሳው ቀን እንዲረሳው፣ ያወቀው ቀን እንዳያውቀው።

ታርጋዋን ሳልፈታ ላቮን ዘንድ ሄጄ ነገርኳት። ሊጥ እያቦካች ነበር፤ እጇን አላቆመችም።

«ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«ሽቦዋን ማግኘቱን አላውቅም ነበር። ግን አንድ ቀን ጋራዡ ውስጥ ሲያንኳኳ ሰማሁና ገባሁ። የማርሊስ ስም በምን ፊደል ነው የሚጀምረው አለኝ። ነገርኩት። አውቃለሁ፣ ማረጋገጤ ነው አለኝ።» ሊጡን ገለበጠችው። «ስሕተት እንዳይሆን ፈርቶ ነው።»

በዚያው ሳምንት ከሌላ ከተማ የመጣ አዲስ የእርሻ ባለሙያ ሊመዘገብ ገባ። ዳረል አየኝ፣ ሁሉም አዩኝ። «ቁልፏን ቤት ረስቼው መጣሁ» አልኩት። «ሮጥ ብለህ ከላቮን ተቀበልልኝ።» እስኪመለስ ድረስ ወንበሩን አንስቼ ማጥፊያዋን ነቀልኩና ሁለቱን ጫፎች አጋጠምኳቸው፤ ኢንጋ ከእንግዲህ ለማንም ትነሳለች። ዳረል አዲሷን ሽቦም አውጥቼ ድሮ እንደነበረው በአጭሩ እንድቀጥል ነገረኝ፤ ደንቡ ይላል አለ። አልነካኋትም። ቁጥር አላት።